የቅል ላይ ጭረት

ያኔ ቅል ነጋዴ ነበርኩ። ጀሪካንና የፕላስቲክ ጆግ ያሳደጋችሁ ልጆች ቅል ነጋዴ ስላችሁ ትስቁ ይሆናል፤ ሳቁ። በኛ ጊዜ ግን ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬ፣ ወዲህ ደግሞ እስከ አሊዩ አምባ፣ ወተቱ የሚናጠው፣ ውሃው የሚቀዳው፣ ዘሩ የሚቀመጠው በቅል ነበር። እኔ ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሴት ነኝ። ባሌ ሲሞት ልጄን አጣዬ እህቴ ዘንድ አስቀመጥኩና መንገድ ለመድኩ። ቅሉን ከአብቃዮቹ እገዛለሁ፣ ሆዱን አጸዳለሁ፣ በወይራ አጥነዋለሁ፣ ከዚያ በገመድ አንጠልጥዬ በእግሬ እዞራለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ታሪኩ ሁሉ በሱ ላይ ነው የቆመው። ቅል ከቅል ይመሳሰላል። ሰርግ ወይም ተዝካር ሲኖር ጎረቤት ሁሉ ቅሉን ያውሳል፣ ድግሱ ሲያበቃ ‹ይሄ የኔ ነው፣ ያ ያንቺ ነው› እየተባለ ጠብ ይነሳል። ስለዚህ ቅል ስሸጥ ለየቤቱ የራሱን ምልክት በወስፌ እጭርለት ነበር። ለአንዱ ሦስት አግድም መስመር፣ ለአንዱ የዶሮ እግር፣ ለሌላው መሰላል። ጭረቱን ጥላሸት በቅቤ ለውሼ እቀባዋለሁ፣ ይጠቁራል፣ ታጥቦ አይለቅም። ለአንድ ቤት የሰጠሁትን ምልክት ለሌላ ቤት አልሰጥም። ፊደል አልቆጠርኩም፣ ደብተርም አልነበረኝም። የማን የማን እንደሆነ የሚያውቀው እጄ ነበር።

ሮቢት ስሆን የማድረው እማማ ዘውዴ ግቢ ውስጥ በተከራየኋት ክፍል ነው። ከጎኔ ያለችውን ክፍል አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ተከራያት። ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ፣ የቆላው ሙቀት ያጠወለገው ቀጭን ልጅ ነው። ስሙ ደጉ። ልጅ ስለሆነብኝ አንተ እለዋለሁ፣ እሱ እትዬ ይለኛል። አንድ ከሰዓት በኋላ ግቢው ካለው ዛፍ ጥላ ስር ተቀምጬ ቅል ስጭር መጥቶ ቆመብኝ።

«እትዬ ብርቄ፣ ምን እየጻፍሽ ነው?»

«አላገጥክብኝ? እኔ ምን ብዬ እጽፋለሁ? እየጫርኩ ነው እንጂ።»

ቁጢጥ አለና ቅሉን ከእጄ ወሰደ። «እንግሊዞች መጻፍን ‹ራይት› ይሉታል» አለኝ። «ይሄ ቃል መጀመሪያ ሲነገር ወረቀትና ቀለም ብሎ ነገር አያውቁም ነበር። ትርጉሙ መጫር ነበር። እንጨት ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ በስለት መጫር። በኋላ ብራናው መጣ፣ ቀለሙ መጣ። ስሙ ግን ያው የመጫሩ ስም ቀረ።»

«እስክሪብቶውንስ ምን ይሉታል?»

«‹ፔን› ይላሉ። የዚያ መነሻው ደግሞ ላባ ነው። በወፍ ላባ ነበር የሚጽፉት።»

«ውይ በሞትኩት! የስንቱን ዶሮ ላባ ስነጭ ብዕር እየጣልኩ ኖሬያለሁ!»

ሳቀ። እስክሪብቶ የምንለው ስም ራሱ ከጣልያኖች የመጣ መሆኑንም ነገረኝ። «ታዲያ ጣልያን ሲባረር ይሄን ማን ደበቀው?» አልኩት፣ እንደገና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ «እኔ የምልሽ እትዬ፣ አንቺ ጸሐፊ ነሽ» አለኝ። ‹ሂድ ወዲያ› ብዬ ገፋሁት። ያን ቀን ግን ወስፌው እጄ ላይ ሌላ ነገር ሆነብኝ።

ከዚያ ወዲያ ጥቁር ሽፋን ያለው ደብተር ይዞ ይመጣ ጀመር። እኔ የገበያ መንገዴን ተከትዬ ከመጀመሪያው ቤት እስከ መጨረሻው ምልክቶቹን እነግረዋለሁ፣ እሱ እያየ ይገለብጣል። የባለቤቶቹን ስም ሳነሳለት «ስም አልጽፍም፣ ምልክቱ ይበቃል» አለኝ። ጊዜው ስም ወረቀት ላይ የሚሰፍርበት ጊዜ አልነበረም። በየቤቱ አሰሳ ነበር፣ በየመንገዱ የተገደለ ወጣት ነበር። ደጉ ልጅም ቢሆን ይሄን ያውቅ ነበር።

ከአሊዩ አምባ የተመለስኩበት ቀን ነው ነገሩ። እኩለ ቀን ሆኗል፣ አስፋልቱ ይጋረፋል። ግቢ ስገባ እማማ ዘውዴ ክንዴን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ።

«መምህሩን ወሰዱት። ቤቱ ሲፈተሽ የምስጢር ጽሑፍ ተገኘ አሉ።»

«የምን ጽሑፍ?»

«እኔ ምኑን አውቄ! ከፊደሉም ከእንግሊዙም ያልሆነ፣ እንዲሁ መስመር መስመር የሆነ ነገር ነው አሉ። የፓርቲ ምስጢር ነው፣ እያንዳንዱ መስመር ያንድ ሰው ስም ነው ይላሉ።»

ትከሻዬ ላይ ያንጠለጠልኳቸውን ቅሎች አየኋቸው። እማማ ዘውዴ ፊቴን አይታ ገባት፤ የኔን ቅል በየቀኑ ታያለች።

«ማን ሰጠህ ቢሉት ‹እኔው ነኝ የጻፍኩት› ብሎ ዝም አለ አሉ። እየገረፉትም ዝም ነው። ነገ ቀትር ላይ ወደ ደጋ የሚወስደው መኪና ይመጣል። ወደዚያ የሄደ ሲመለስ አላየሁም። አንቺ እንደቆምሽ ውጪ፣ አጣዬ ልጅሽ ዘንድ ሂጂ።»

እውነቱን ልናገር፤ ሄድኩ። ልጄን አሰብኩ፣ የራሴን አንገት አሰብኩ፣ አንድም ቃል ሳልተነፍስ ሦስት ያልተሸጡ ባዶ ቅሎቼን አንጠልጥዬ ወደ አጣዬ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። ልጁ እኔን ላለመጥራት እየተገረፈ፣ እኔ ጆንያ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ።

አጠገቤ የቀወት ሴት ነበረች፣ አረጋሽ ትባላለች፣ ከድሮም ደንበኛዬ ናት። የወተት ቅሏን ታቅፋ አንገቱን በመዳፏ ሸፍናዋለች። አይታኝ ደነገጠች።

«እትዬ ብርቄ! አንቺ ነሽ?»

«ምንድን ነው የሸፈንሽው?»

መዳፏን ስታነሳ ምልክቱ የለም። በቢላ ተፍቆ ነጭ ሆኗል፣ እንደ ተላጠ ቁስል።

«ትላንት ስብሰባ ጠርተውን ነበር» አለችኝ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ። «ካድሬው ደብተሩን ከፍቶ እየዞረ ለሁላችን አሳየን። ‹ይህን የምታውቁ ተናገሩ› አለ። እትዬ፣ ሁላችንም አወቅነው! እኔ የኔን አየሁ፣ ጎረቤቴ የሷን አየች። አንድም ሰው አፉን አልከፈተም። ቤታችን ገብተን ፋቅን። የፈራ ጨርሶ አቃጠለው።»

መኪናው ይንገጫገጫል፣ አቧራው ጥርሴ መሀል ገብቷል። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጁን የሚያድነው የቅሉ ምልክት ነው፤ ምልክቱ ደግሞ በዚህች ሰዓት በየቤቱ እየተፋቀ ነው። ነገ ቀትር ሲሆን እውነቱን የሚያሳይ አንድ ቅል አይተርፍም። የመኪናውን ጣሪያ በቡጢ ደበደብኩት።

«ምን ሆንሽ?» አለ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ።

«ልወርድ ነው!»

«እዚህ በረሃ ላይ? አብደሻል?»

«አዎ፣ አውርደኝ!»

ከዚያ የሆነውን ሳስታውስ እስካሁን እግሬ ይቅበጠበጣል። ከቤት ቤት ሮጥኩ። የመጀመሪያው ቤት ተፍቋል። የሁለተኛው ቤት ሴትዮ በሩን በፊቴ ዘጋችው። በሦስተኛው የቅሉ ስባሪ አመድ ላይ ወድቋል፣ ባልየው «አንቺ ነሽ ይሄን ያመጣሽብን!» ብሎ ድንጋይ አነሳ። አልተቀየምኩትም። ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ያለኝ ነገር ላብና ውሃ ጥም ብቻ ነበር።

ማሽላ እርሻ መሀል ማማ ላይ ጋሼ ይመር ወፍ ይጠብቃሉ። ሽማግሌ ናቸው፣ ስብሰባም ሰንበቴም አይሄዱም፤ ማሽላው እስኪታጨድ ከማማው አይወርዱም። ከጎናቸው ውሃ የሚጠጡበት አንኮላ ተሰቅሏል፣ ግማሽ ቅል ነው፣ ሦስት አግድም መስመር አለበት። ያልተፋቀ!

«ጋሼ ይመር፣ አንኮላዎን እስከ ነገ ያውሱኝ።»

«የሸጥሽልኝን መልሰሽ ልትለምኚኝ? ነጋዴ!» አሉና እየሳቁ ወረወሩልኝ።

ይዤ ሄድኩ። ስለ ደብተሩ ምንም አልነገርኳቸውም። ሃምሳ እርምጃ ያህል እንደሄድኩ ግን እግሬ እምቢ አለኝ። ሰውየው ሳያውቁ አንገታቸውን ይዤባቸው መሄዴ ነው። ተመለስኩና ከታች ሆኜ እየጮህኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ወንጭፋቸውን አስቀመጡና ከማማው አጎንብሰው አዩኝ።

«መልሺው» ይሉኛል ብዬ አንኮላውን ወደ ላይ ዘረጋሁ።

«ታዲያ ወስደሽው ነበር እኮ፣ ምን መለሰሽ?» አሉኝ። «ሂጂ። ግን የማን ነው ቢሉሽ ስሜን እንዳትጠሪ።»

«ምን ልበል?»

«የወፎቹ ነው በይ።»

መሸብኝ፣ እትዬ ሐዋ ቤት ገባሁ። እትዬ ሐዋ ፍየል የምታረባ አርጎባ ሴት ናት፤ የወተት ቅሏ እናቷ ከእናቴ የገዛችው ነው፤ ቅል መነገዱንም ምልክት መጫሩንም የወረስኩት ከእናቴ ነው። ቢላዋ አጠገቧ ተቀምጧል፣ ቅሉ ጭኗ ላይ ነው፤ ገና አልጀመረችም።

«ወላሂ ከጠዋት ጀምሮ ልፍቀው እላለሁ፣ እጄ እምቢ አለኝ» አለችኝ። «ይሄን ከፋቅኩት የእናቴ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ነገሩን ነገርኳት። ቅሉን አገላበጠችው፣ ሳመችው፣ ሰጠችኝ። «ከተሰበረ አትመለሺ» አለችኝ። እሷ ዘንድ አደርኩ፤ እንቅልፍ ግን አልነበረም።

ጠዋት ሮቢት ስደርስ ቀበሌው በር ላይ ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ አቆመኝ።

«ዛሬ ገበያ አይደለም እትዬ፣ ተመለሽ።»

«ካድሬውን ፈልጌ ነው።»

«ቅል ልትሸጭለት?»

«ቅል ላስነብበው።»

ጥበቃው እየመራ አስገባኝ። ካድሬው ጠረጴዛው ዘንድ ተቀምጧል፣ ደብተሩ ፊቱ ተዘርግቷል። ወጣት ነው፣ እንቅልፍ ያጣ ዓይን አለው። ከጎኑ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አበራ ተቀምጧል፣ የሮቢት ልጅ ነው፣ ሚስቱን በደንብ አውቃታለሁ። ሲያየኝ ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ።

«ምንድን ነሽ?» አለ ካድሬው።

«ቅል ነጋዴ ነኝ ጌታዬ።»

«ጌታ የሚባል ነገር ቀርቷል። ጓድ በይ።»

«እሺ ጓድ ጌታዬ።»

ጥበቃው ሳቁን ሊይዝ ሲታገል አነጠሰ። እኔ ግን ለቀልድ አልነበረም፣ ምላሴ ተሳስሮ ነው። ሁለቱን ቅሎች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ይሄ ምስጢር አይደለም፣ የቅል ምልክት ነው፣ የምጭረውም እኔ ነኝ፣ መምህሩ ከኔ አይቶ ነው የገለበጠው አልኩት። ካድሬው ደብተሩን አገላብጦ ሁለቱን ምልክቶች አገኛቸው።

«ሁለት ቅል አምጥተሽ ልታታልይኝ ነው? እዚህ ያለው ስልሳ ይሆናል። ሌሎቹ የማን የማን ናቸው? ንገሪኝ፣ አሁኑኑ ልኬ አስመጣለሁ።»

ይሄ ነበር የፈራሁት። ስም ብጠራ ጥበቃዎቹ ይሄዳሉ፣ የተፋቀ ቅል ያገኛሉ። ምልክት ያለው ቅል አንድ ነገር ነው፤ የተፋቀው ግን ‹ለምን ፋቅሽ?› ያስብላል፣ ለዚያ መልስ የለም። ልጁን ላድን ስል አገሩን ሁሉ ልሰጥ ነው። 

ከዚያ አንድ ነገር መጣልኝ። ካልተሸጡት ቅሎቼ ምልክት ያልተጫረበትን አንዱን ከትከሻዬ አወረድኩ።

«ጓድ፣ ደብተሩን ወደ ራስዎ አዙረው ይያዙልኝ። እኔ አላየውም። ከመጀመሪያው ገጽ ልጀምር።»

ወስፌዬን ስመዝ ጥበቃው ጠመንጃውን ደቀነብኝ። «ተወው» አለው ካድሬው። መሬት ላይ ተቀመጥኩና መጫር ጀመርኩ። መምህሩ የገለበጠው በመንገዴ ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ በሐሳቤ ከቤት ቤት እየዞርኩ ነው የምጭረው። የወንዙ ዳር ቤት፣ ከዚያ ሾላው ስር ያለው፣ ከዚያ አቀበቱ ላይ ያለው። ካድሬው በጣቱ እየተከተለ ያመሳክራል። ክፍሉ ውስጥ የወስፌው ጭረት ብቻ ይሰማል። ሁለት ገጽ ያህል ስጨርስ ቀና ብዬ አየሁት። ፊቱ ጠቁሯል።

«አንድም አልሳትሽም» አለ። «እንግዲህ ምስጢሩን በቃልሽ የያዝሽው አንቺ ነሽ ማለት ነው። እሱ የገለበጠውም ካንቺ ነው። አለቃው አንቺ ነሽ።»

ልጁን አወጣለሁ ብዬ ራሴን ማስገባቴ ነው። አፌ ደረቀ፣ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ። «እባካችሁ ውሃ» አልኩ።

ጥበቃው ጥግ ላይ ካለው እንስራ በአንኮላ ቀድቶ ሰጠኝ። ጠጣሁ። ስጠጣ አውራ ጣቴ የአንኮላውን ጎን ዳሰሰ፣ ዓይኔ ከማየቱ በፊት ጣቴ አወቀው። አራት እርከን ያለው መሰላል። ለጓድ አበራ ሚስት የጫርኩላት ነው።

ቀና ስል ጓድ አበራ ያየኛል። አንኮላውንም ያያል። ቤቱ ያለውን ፍቆ ቢሮ ያመጣውን ረስቶታል። በዓይኑ ‹እባክሽ› አለኝ። እኔ ስሙን አልጠራሁም። የቀረችውን ውሃ ደፍቼ አንኮላውን ለካድሬው በሁለት እጄ አቀረብኩለት።

«ጓድ፣ እርስዎም በዚህ ጠጥተው ይሆናል።»

ተቀበለኝ፣ አገላበጠው፣ ቆመ። ደብተሩን ቶሎ ቶሎ ገለጠ። መሰላሉን አገኘው።

«ይሄ የማን ነው?»

እኔ መሬት መሬት አየሁ።  ወንበር ተንቋቋ።

«የ... የባለቤቴ ነው ጓድ» አለ ጓድ አበራ። «ቤት ሲተርፈን ለቢሮው አመጣሁት። የቅል ምልክት እኮ ነው። በየቤቱ ነው ያለው።»

«ታዲያ በስብሰባው ላይ ለምን አልተናገርክም?»

ጓድ አበራ ላቡን ጠረገ። «ደብተር ላይ ሳየው ሌላ ነገር መሰለኝ።»

«የእናቴም አለ ጓድ» አለ ጥበቃው ከበሩ። «ያቺ የዶሮ እግሯ።»

ካድሬው አንዴ ጥበቃውን፣ አንዴ አንኮላውን አየ። ለረጅም ጊዜ ሲጠጣበት የኖረውን ነገር አሁን ገና ያየው ይመስል ነበር። «ቅል!» አለና አንድ ጊዜ ሳቀ፣ ወዲያው ሳቁን ዋጠው። ጸሐፊውን ጠርቶ ቃሌን አስጻፈ።

ጸሐፊው የጣት አሻራ ቀለሙን ሲያቀርብልኝ «በምልክቴ ልፈርም» አልኩት። እስክሪብቶውን ሰጠኝ። ያን ጊዜ ነው የታወቀኝ፤ ለአገሩ ሁሉ ምልክት ስሰጥ ለራሴ አንድም አልነበረኝም። አሰብኩ አሰብኩና ወስፌ ሣልኩ፣ አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ጠብታ። እንደ ቅል ተጫንኩት መሰለኝ ወረቀቱ ተቀደደ።

«ቀስ እትዬ፣ ወረቀት እኮ ነው!» አለ ጸሐፊው።

መኪናው ቀትር ላይ መጣ፣ ያለ ልጁ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ለቀቁት። እግሩ አብጦ ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ። ደግፌው ሄድን። ግቢያችን በር ስንደርስ «ስም አልጠራሁም» አለኝ።

«እኔም አልጠራሁም» አልኩት።

ደብተሩን አልመለሱለትም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደ ሌላ አገር አዛወሩት፣ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። እስኪሄድ ድረስ ግን በየቀኑ ጥላው ስር ተቀምጠን ፊደል አስቆጠረኝ። በጠመኔ አይደለም፣ በወስፌ፣ ቅል ላይ። ይሄን የምታነቡትን የጻፍኩት በዚያ ፊደል ነው። የልጅ ልጆቼ የእጅሽ ጽሑፍ ለምን ወረቀቱን ይወጋል ይሉኛል፤ እንግዲህ ምክንያቱን ነገርኳችሁ።

ይህን ስታነቡ በነዚያ ዝም ባሉ ሰዎች እንዳትፈርዱ። እኔም እኮ መኪናው ላይ ወጥቼ ነበር። የወረድኩት ጀግና ስለሆንኩ አይደለም፣ አረጋሽ መዳፏን ስላነሳች ነው። መዳፏን ባታነሳ ኖሮ አጣዬ ገብቼ ዛሬም ዝም ካሉት መሀል እሆን ነበር። ያን ማሰብ እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል፣ አንድ ቦታም አያስቀምጠኝም።

የጋሼ ይመርን አንኮላ ከማማው ስር፣ የእትዬ ሐዋን ቅል ከነእናቷ ምልክት መለስኩ። ከዚያ ነገሩ ሲበርድ ፋቂዎቹ አንድ በአንድ ይጠሩኝ ጀመር። አረጋሽም ቅሏን አምጥታ እግሬ ስር አስቀመጠችው።

«እትዬ፣ የድሮዬን መልሽልኝ። ግን ቀስ አድርገሽ ጫሪው፣ ጊዜው ከከፋ ቶሎ እንዲፋቅልኝ።»

እሺ አልኳት። እሷ ስታወራ ወስፌውን እሳት ውስጥ ከተትኩት፣ እስኪቀላ ጠበቅኩ፣ እና ልጣጩን አልፎ ቢላ እማይፍቀው ድረስ ጠልቆ እንዲገባ አድርጌ ጫርኩላት።